ጋወር ጎዳና ላይ ያየኋት ዝንብ

በሩ ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ እርሾ፣ ስኳር፣ ሙቀት። ጠላ የተጠመቀበት ጓዳ የገባሁ መሰለኝ! ያለሁት ግን ሎንደን፣ ጋወር ጎዳና፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሎንደን ውስጥ ነው፤ ቻርልስ ዳርዊን አዲስ ሙሽራ ሳለ የኖረበት ቤት በነበረበት ቦታ ላይ።

አስጎብኚዬ እዚያ የሚሠራ አብሮ አደጌ ነው። መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች አፋቸው በጥጥ የተወተፈ ትናንሽ ብልቃጦች ሞልተውታል፤ በየብልቃጡ ዝንብ! እኛ አገር ከሙዝ ላይ እሽ ተብላ የምትባረረው ያቺው ደቃቃ ዝንብ። እዚህ ግን ምግቧ ተቀቅሎ ይቀርብላታል፣ ክፍሏ 25 ዲግሪ ይሞቅላታል። ይህ ሁሉ ክብር ለዝንብ? ሳቄ አመለጠኝ።

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ስል ሳቄ ቀረ። ጋዝ ያስተኛቸው ሁለት ሴት ዝንቦች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ዓይናቸው ደማቅ ቀይ ነው፤ ክንፋቸው ብርሃን ሲያርፍበት ቀለም ይቀያይራል። አንደኛዋ የሌላዋን ግማሽ ብታክል ነው።

«ትንሿን ልብ ብለህ እያት» አለኝ፤ «ዕድሜ ያላት እሷ ናት።»

ቺኮ የተባለው ጂኗ ተበላሽቷል። ይህ ጂን «ምግብ ሞልቷል፤ እደጊ፣ እንቁላል ጣይ» የሚለውን የኢንሱሊን መልእክት በሴል ውስጥ የሚያቀባብል ፕሮቲን ይሠራል። መልእክቱ ሲዳከም ዝንቧ ድንክ ትሆናለች፣ ትመክናለች፣ ግን ትኖራለች! እ.ኤ.አ. በ2001 የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሊንዳ ፓርትሪጅና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ግማሾቹ ሴት ዝንቦች እስኪሞቱ ያለው ጊዜ እስከ 48 በመቶ ረዝሟል። ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች አንዱ ብቻ የተበላሸባቸውም፣ ድንክ ሳይሆኑ፣ እስከ 36 በመቶ ጨምረዋል። መበላሸት ዕድሜ ይቀጥላል ብሎ ማን አሰበ?

ሌላም ነገረኝ። ካሊፎርኒያ፣ ካልቴክ ውስጥ እነ ሲሞር ቤንዘር እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ያደረጉት ጂን ሲዳከም ዝንቦቹ ሙቀቱንም ረሃቡንም ችለው በአማካይ 35 በመቶ ተጨማሪ ኖረዋል። የጂኑ ስም ማን ቢባል ጥሩ ነው? ማቱሳላ! 969 ዓመት የኖረውን አባት እንግሊዝ አገር፣ ዝንብ መሀል አገኛለሁ ብዬ አላለምኩም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቆጠራው ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ዝንቦቹ ወደ አዲስ ብልቃጥ ይዛወራሉ፤ የሞቱት ተቆጥረው ይመዘገባሉ፤ የመጨረሻዋ እስክትሞት ድረስ። እሑድ የለ፣ በዓል የለ። በማግስቱ ጠዋትም ቆጠራ እንዳለበት ሲነግረኝ፣ ለዚያው ሰዓት የቆረጥኩትን የቴምዝ ጀልባ ትኬት ረስቼ «ስንት ሰዓት ልምጣ?» አልኩት።