መርፌዋ የት ደረሰች?

እኛ የእንሴኖ ልጆች አልትራሳውንድን የምናውቀው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ወንድ ነው ሴት?» መርፌም ይመራበታል ቢሉን ኖሮ እንስቅ ነበር።

አጎታችን ሳንባቸው ውኃ ቋጠረና ቡታጅራ ይዘናቸው ሄድን። ሐኪሙ የእኛው እኩያ ነው። አጎታችንን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ ጀርባቸውን ጄል ቀብቶ ፕሮቡን አሳረፈ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር ታየ። «ውኃው ይኼ ነው» አለን። አደነዘዘና መርፌውን አስገባ። እሺ፣ መርፌዋስ? ስክሪኑ ላይ የለችም! ልጁ ላብ በላብ ሆነ።

«አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ መርፌዋን እየፈለግኋት ነው።»

«እኔ ዘንድማ ደርሳለች ልጄ፤ አንተ ዘንድ ነው የቀረችው!»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። ሐኪሙ ግን መርፌውን አልገፋም። እጁን ገታ፤ ፕሮቡን ብቻ ቀስ እያለ አዞረ። ነጭ መስመር ብቅ አለች፤ ጫፏም ጥቁሩ ውስጥ ገባች። ውኃው ተቀዳ፤ አጎታችንም በዚያ ሌሊት ጋደም ብለው ተኙ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ነገሩ ግን የዋዛ አይደለም። ማሽኑ በሰውነታችን ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ የሚጓዝ ድምፅ ይልካል፤ ተመልሶ የመጣውን ብቻ ይሥላል። መርፌ እንደ መስተዋት ነው። አዘቅዝቆ ከገባ ድምፁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንጸባርቀዋል፤ ወደ ፕሮቡ የሚመለስ ስለሌለ አይታይም። በዚያ ላይ ማሽኑ የሚያየው በጣም ስስ ቁራጭ ነው። መርፌዋ ቁራጩን አቋርጣ ካለፈች የምትታየው እንደ ነጥብ ነው። ያቺ ነጥብ ጫፏ ትሁን ወገቧ በምን ይታወቃል? «አየኋት» ብሎ የገፋ ሰው ሳንባ ሊበሳ ይችላል። ሕጉ አጭር ነው፦ ጫፏን ካላየህ አትግፋ።

የሚገርመው ደግሞ ይኼ ነው። ግላስጎው ውስጥ ኢያን ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1958 የአልትራሳውንድ ምስሎቹን ያሳተመው፣ ፋብሪካ ብረት ውስጥ ስንጥቅ በሚፈልግበት መሣሪያ ሙከራውን ጀምሮ ነው። ብረት ከመመርመር የተወለደ ማሽን መርፌ ይጠፋበታል!

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ እኛ አገር ማሽን ሲገባ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል። ማሽኑን የሚይዘው እጅ መቼ እንደሚሠለጥን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሥልጠናው የግድ ውድ አይደለም። በሌላው ዓለም ሐኪሞች በሥጋ ብልትና በጄላቲን ላይ መርፌ እየሰኩ ጫፏን መከተል ይለማመዳሉ። የክትፎ አገር ሥጋ አጣ ቢባል ማን ያምናል? አንድ ኪሎ ብልት፣ አንድ መርፌ፣ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ። የመጀመሪያው ስህተት ሥጋው ላይ ቢሠራ የሚጎዳ ሰው የለም።