ጠላው ለምን ቀጠነ?

ባለፈው ዓመት ኅዳር 12 ቀን፣ የሚካኤል ዝክር በቤታችን ሲዘከር የእናቴ ጠላ ቀጠነ። ፊት ለፊት የተናገረ ሰው አልነበረም። ብርጭቆው ግን ለሁለተኛ ጊዜ አልተሞላም። እንግዶች ሲወጡ አንዲት ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ ለባለቤቴ «እማማ እጃቸው ደከመ መሰለኝ» ስትል ሰማሁ። እናቴም ጓዳ ውስጥ ሆና ሰምታለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋኖቿን አጥባ፣ ደፍታ፣ ከጓዳው ጥግ አስቀመጠቻቸው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የሠሯቸው፣ በወይራ ጭስ ብዛት ውስጣቸው የጠቆረ ጋኖች ናቸው። እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለው በዚህ ቤት ጠላ ሳትጠምቅ ያለፈችበት ዓመት አላስታውስም። የዘንድሮው ዝክር ግን በለስላሳና በፋብሪካ ቢራ አለፈ። እሷም ምንም አላለች።

ዝምታው ከሁላችንም በላይ የከበደው የመጀመሪያ ልጄን ነው። «ለገና እኔ እጠምቃለሁ» ብሎ ተነሣ። የሚጠምቀው ደግሞ ላገር ቢራ ነው። በአገራችን በጠርሙስ የምናውቃቸው ቢራዎች አብዛኞቹ ላገር ናቸው። ላገር የሚወደው ብርድ ነው፤ 10 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ይብላላል፤ ከዚያም ለሳምንታት በብርድ ተቀምጦ ይጠራል። ስሙም ማከማቸት ከሚል የጀርመንኛ ቃል የመጣ ነው። «የጉለሌ ብርድ እኮ ነጻ ማቀዝቀዣ ነው» አለኝ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይፈርድለታል።

አራት ኪሎ ተኩል ብቅል ወፍጮ ቤት ወስዶ «እንዳታልመው፣ ሰንጠቅ ብቻ አድርግልኝ» ብሎ አስፈጨ። ብቅሉን 66 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ዘፈዘፈው። በዚህ ሙቀት የብቅሉ የራሱ ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ከዚያ አጠለለና በጌሾ ፋንታ ሆፕስ ጨምሮ አፈላው። እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሞ ሲቀር «ተበላሽቷል» ብሎ ሊወረውረው ነበር። በኋላ ግን ራሱ አስታወሰና ሳቀ። ጉለሌ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። መሣሪያው አልዋሸም ነበር።

ድስቱ ትንሽ ስለነበር የተገኘው ጭማቂ 14 ሊትር ብቻ ነው። በሳፋ ውሃ ውስጥ አቀዝቅዞ ወደ ንጹሕ በርሜል ገለበጠው። ከዚያ እኔ ፈልቶ የቀዘቀዘ 6 ሊትር ውሃ ጨመርኩበትና 20 ሊትር ሞላ።

እርሾው ከመግባቱ በፊት ልጄ ሃይድሮሜትሩን አወጣ። ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ ናት፤ ፈሳሽ ላይ ስትንሳፈፍ ምን ያህል ስኳር እንደሟሟ ታሳያለች። በንጹሕ ውሃ 1.000 ላይ ትቆማለች። ስኳሩ በበዛ ቁጥር ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፤ ቁጥሩም ይጨምራል። ልጄ የጠበቀው 1.048 ነበር። ከበርሜሉ ላይ በማንኪያ ቀድቶ ሲለካ 1.030 ሆነ።

ፊቱ ተለወጠ። «ውሃ ሆኖ ቀርቷል። ወይ ስኳር ልጨምርበት ወይ ልድፋው» አለ። ከዚያ ግን ደብተሩን አውጥቶ ምክንያት መዘርዘር ጀመረ። መሣሪያዋ ተሳስታ ይሆን? ንጹሕ ውሃ ላይ ሞከራት፤ 1.000 ላይ ቆመች። የተቀዳው ትኩስ ነበር? ትኩስ ፈሳሽ ስለሚሳሳ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፤ ይህኛው ግን 22 ዲግሪ ነው፤ ልዩነት አያመጣም። ስታርቹ ሳይለወጥ ቀርቶ ይሆን? ከመፍላቱ በፊት ከፋርማሲ በተገዛ አዮዲን ሞክሮት ነበር፤ ስታርች ቢኖር ይጠቁር ነበር፤ አልጠቆረም። ያልተሰረዘ አንድ መስመር ቀረ።

ቀና ብሎ አየኝ። «አባዬ፣ ውሃውን ያፈሰስከው አንተ ነህ። 6 ሊትር ብቻ ነው አይደል? አልበዛም?»

«6 ብቻ ነው» አልኩት። እውነት ነበር። ድምፄ ግን እንደ ሌባ ድምፅ ሆነብኝ። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የዝርዝሩን ነገር አልጠየቀችም። «የኔ ጌታ፣ አማስለኸዋል?» አለችው።

«ምኑን?»

«ውሃውን ከጭማቂው ጋር ነዋ! ድፍድፍ ላይ ውሃ ሲከለስ ካልተማሰለ ላዩ ውሃ፣ ታቹ ፍሬ ነው። አንተ የቀዳኸው ከላይ ነው።»

ልጄ ማማሰያውን በፈላ ውሃ ነክሮ እስከ በርሜሉ ወለል ድረስ አማሰለው፤ ደግሞም ለካ። 1.047 ሆነ። ስኳሩ የትም አልሄደም ነበር፤ ከባድ ስለሆነ ከታች ተኝቶ ነው። ልጄ አያቱን አቅፎ ግንባሯን ሳማት። ባለቤቴ ከሳሎን ሮጣ መጣች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የደስታ ወሬ ይሆን ነበር። ልጄ ግን ደስታው ገፋፍቶት «የአምናውንም ጠላሽን ለክቼው ቢሆን ኖሮ ለምን እንደቀጠነ እናውቅ ነበር» አለ። ትንሽ አሰብ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «ለነገሩ አይሆንም። ቢራ ላይ ስኳሩ መጀመሪያ ያልቃል፤ እርሾ የሚገባው ኋላ ነው፤ ስለዚህ መነሻው ይለካል። ጠላ ላይ ግን ብቅሉ፣ እንኩሮውና ጌሾው ድፍድፉ ውስጥ አብረው ናቸው። ስታርቹ ስኳር እየሆነ፣ ስኳሩም በዚያው እየተብላላ ይሄዳል። መነሻ የሚባል ሰዓት የለውም። ያንን መሣሪያ አይነግረንም።»

መሣሪያ አይነግራቸውም። የሚነግራቸው ያለው እኔ ብቻ ነኝ። ዓመት ሙሉ ጓዳውን ባለፍኩ ቁጥር የተደፉትን ጋኖች እያየሁ «ነገ እነግራታለሁ» ስል ኖሬያለሁ። ነገሩ ባደረ ቁጥር ለመናገር እየከበደ ሄደ።

«ውሃ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

የዝክሩ ዋዜማ ማታ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። እኔ ደግሞ ሳልነግራት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼን ጠርቼ ነበር። ጠላው የማይበቃ መሰለኝና አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ለሁለቱ ጋኖች አካፍዬ ገለበጥኩበት። ማንም አላየኝም። በማግስቱ ጎረቤቷ ያንን ስትናገር አፌን ከፍቼ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት እችል ነበር። በእንግዶቼ ፊት አፈርኩና ዝም አልኩ።

እናቴ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ «ስንት ነው ያልከኝ?» አለች።

«ሃያ ሊትር።»

«እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ብቅሉን ነበር» አለች። «ቀጥሎ እጄን። ቀጥሎ ጭንቅላቴን። ሌሊት እየተነሣሁ የሆነ ነገር ረስቼ ይሆን እያልኩ እቆጥር ነበር። አንተን አልጠረጠርኩህም።» ነጠላዋን ሰብስባ ወደ መኝታዋ ሄደች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ልጄም አባቱን በአዲስ ዓይን ሲያየኝ ሰነበተ፤ ያም ቅጣቱ ነበር።

ይህንን የምጽፈው እንደኔ አረጋዊ ወላጅ ላለው ሰው ነው። ልጄ አንድ በርሜል ቢራ ከመድፋቱ በፊት መሣሪያውን መረመረ፣ ሙቀቱን መረመረ፣ ውሃውን ያፈሰሰውን ሰው ጠየቀ። እኛ ግን ሽማግሌ ወይም አሮጊት አንድ ነገር ሲበላሽባቸው ምንም አንመረምርም፤ «እርጅና ነው» ብለን ዝርዝሩን እንዘጋለን። እነሱም ያምኑናል። እናቴ አምና ነበር። ከላይ ቀድተን ለክተን ታቹን ሳናማስል የፈረድንባቸው ስንት ይሆኑ?

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጓዳ የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ጋኖቹ ቀና ብለው እየታጠኑ ነበር። ልጄ ጌሾ ይወቅጣል፤ እሷ ዱካ ላይ ተቀምጣ ታዘዋለች። ደብተሩን አጠገቡ አስቀምጦ በየመሐሉ ይጽፋል። «ብቅሉ ስንት ነው?» ሲላት «እጅህ እስኪያውቀው» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ እፍኟን በሚዛን ይመዝናል።

ለገና ሁለቱም ደረሱ። ቢራው ተብላልቶ 1.011 ላይ ቆሞ ነበር፤ ልጄ ሲያሰላው አልኮሉ ከመቶ 4.7 ገደማ ሆነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ሁለቱም ጠርተው ቀረቡ። ያቺን ጎረቤታችንን ራሴ ሄጄ ጠራኋት፤ የአምናውን ነገር ከነጀሪካኑ በሰው ፊት ነገርኳት። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ ብርጭቆዋን ዘረጋች። ሁለተኛም አስሞላች።

እናቴ ይቅር ብላኛለች። የጓዳው ቁልፍ ግን ከዚያ ወዲህ በነጠላዋ ጫፍ እንደተቋጠረ ነው።