ከሰል፣ እርድና የዋንዛው ዛፍ

ዛሬ የማጫውታችሁ ሥራ ስፈታ ስለምወደው ነገር፣ ስለ ሥዕል ነው። ብዙዎቻችሁ «ጋሼ፣ መሳል የት ተማሩ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔን መሳል ያስተማረኝ የቤታችን ግድግዳ ነው።

የተወለድሁት እዚሁ መቲ ነው። አባቴ ቡና ፈልጎ ከሸዋ ደጋ የመጣ ሰው ነበር። ቤታችን የጭቃ ቤት ስለ ነበር እናቴ በዓል ሲደርስ እበትና አመድ ለውሳ ግድግዳውን ትለቀልቀዋለች። እኔም እስኪደርቅ ጠብቄ ከምድጃው የበረደ ከሰል አነሣና ጉሬዛ እስልበት ነበር። ለምን ጉሬዛ መሰላችሁ? ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ሌላ ቀለም አያስፈልገውም፤ ከሰልና ነጣ ያለ ግድግዳ ይበቃዋል። ደግሞም በዚያን ጊዜ ጉሬዛው ከጓሯችን ዛፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ላይ ተቆጣች። በኋላ ግን በጓዳ በኩል ያለውን አንዱን ግድግዳ «ይህ የአንተ ነው፤ ከዚህ ግን አትለፍ» ብላ ሰጠችኝ። በሕይወቴ ከተሰጡኝ ስጦታዎች ሁሉ የሚበልጠው ያ ግድግዳ ይመስለኛል።

ከጊዜ በኋላ ቀለም አማረኝ። በሱቅ የሚሸጥ ቀለም ለመግዛት ገንዘብ ስላልነበረኝ ያገኘሁትን ሁሉ እሞክር ነበር። ጥቁሩን ከድስት ቂጥ ከሚፋቅ ጥላሸት አገኘሁ። ቀዩ ከመንገዱ ዳር አፈር ነበር፤ እግራችሁን የሚያቀላው ያው የምታውቁት አፈር ማለት ነው። ቢጫውን እናቴ ለወጥ ካስቀመጠችው እርድ ቆንጥሬ ወሰድሁ። አረንጓዴውን ከቅጠል ጨመቅሁ፤ ሲደርቅ ግን ቡናማ ሆነ። ከዛፍ ላይ የለቀምሁትን ሙጫ በውኃ አሟሙቼ ከቀለሙ ጋር ስለውሰው ወረቀቱን ይዞ ይቀራል። እርድን ግን ልጆች፣ አትመኑት! በመጀመሪያው ቀን እንደ አደይ አበባ ያበራል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይደበዝዛል። እስከ ዛሬ ድረስ በእርድ የቀባሁትን ሥዕል ከመጽሐፍ ውስጥ እንጂ ከግድግዳ ላይ አላኖርም።

ይህ የእኔ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የምታዩአቸውን የብራና መጻሕፍት የጻፉ አባቶችም ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸት፣ ከታረረ እህልና ከመሳሰለው ነው። ብርዑን ከመቃ ይቀርጻሉ። ቀዩን ቀለም ደግሞ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ያውሉታል። ይህን አንድ ዲያቆን ሲነግረኝ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። የድስት ጥላሸት ይህን ያህል ክብር እንዳለው ስሰማ ከደስታ ብዛት ሮጬ ለእናቴ ነገርኋት።

አባቴ ግን ሥዕሌን ብዙም አይወደውም ነበር። «ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይላል። ታዲያ አንድ ቀን አንድ እንግዳ ስለ አፈወርቅ ተክሌ አወራልን፤ አባቴም አንኮበርን ስለሚያውቅ ጆሮውን ሰጠ። አፈወርቅ የተወለዱት በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ነው። እርሳቸውም በልጅነታቸው በአገራቸው ግድግዳዎች ላይ ይስሉ ነበር። ዕድሜያቸው 15 ዓመት ገደማ ሲሆን የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ነገር ግን ልባቸው ሥዕል ላይ ስለ ነበረ ለንደን በሚገኘው ስሌድ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና ሥነ ሕንጻን ተማሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ትልቁ የመስታወት ሥዕል የእርሳቸው ሥራ ነው። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ሲሆን በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ውስጥም ሥዕሎቻቸው አሉ። «ቪላ አልፋ» ያሉትን መኖሪያና መሥሪያ ቤታቸውንም ንድፉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። አባቴ ያን ቀን እንግዳውን ከሸኘ በኋላ ምንም አላለኝም። በማግስቱ ግን ከገበያ ሲመለስ አንድ ደብተርና ሁለት እርሳስ አመጣልኝ።

እኔ እንግዲህ እንደ አፈወርቅ አልሆንሁም፤ መምህር ነኝ። የእናንተን ደብተር አርሜ ስጨርስ፣ ዝናብ ካልያዘኝ፣ ማታ ማታ ከደጄ ተቀምጬ እስላለሁ። የምስለውም ሩቅ ያለ ነገር አይደለም። የቡና መውቀጫ፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ፣ ከቴፒ የመጣ መኪና ጭቃ ውስጥ ሲንቧቸር፣ ይህንን የመሰለ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የሳልሁት ቀፎ ነው። የማጃንግ ሰዎች በማር ሥራ የታወቁ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከመካከላችሁም የንብ አርቢ ልጆች አላችሁ። በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ የማጃንግ አባት ነበሩ፤ አባባ እላቸዋለሁ። ግንድ ቆርጠው ሆዱን በመጥረቢያ ቦርቡረው፣ በሐረግ ጠፍረው ቀፎ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ቀፎውን በረጅም ዛፍ ላይ ለመስቀል በሐረግ ሲወጡ ግን ዐይኔን እጨፍናለሁ፤ ከታች ሆኖ ማየት ከመውጣቱ ይከብድ ነበር። ካደግሁ በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም.፣ ቀፎዎቻቸው የተሰቀሉበትን አንድ ትልቅ ዋንዛ በእርሳስ ሳልሁት። አምስት ቀፎ ነበረበት። ሥዕሉን ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ የዋንዛ ቅጠል ብዙ ነው!

በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአካባቢያችን በማጃንግ ሰዎችና ከደጋ በመጣነው መካከል ግጭት ተነሣ። ትልልቆቹ ወንድሞቻችሁ ያስታውሱታል። ሰዎች ሞቱ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። አባባም ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጫካው ገቡ። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ ለእናንተ ማውራት አልወድም። እኔ ስመለስ ያቺ የጓዳ ግድግዳ ፈርሳ ነበር፤ የሥዕል ደብተሮቼ ግን በአንድ ወዳጄ ቤት ስለ ነበሩ ተረፉ።

በ2009 ዓ.ም. የማጃንግ ደን በዩኔስኮ ተመዝግቦ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነ። አባባን እንደገና ያገኘኋቸው በዚያው ዓመት በገበያ ነው። መጀመሪያ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆምን። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ቤቴ ወስጄ ቡና አፈላሁላቸውና ሥዕሉን አወጣሁ። ዋንዛው እርሳቸው በሌሉበት ተቆርጦ ስለ ነበር ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ቀፎዎቹን ቆጠሩ።

«ስድስት ነበሩ» አሉኝ።

«አባባ፣ እኔ ያየሁት አምስት ነው።»

«ስድስተኛው ከግንዱ ኋላ ነበር። ከምድር ሆኖ አይታይም። የሟች ወንድሜ ነው።»

እርሳሴን አመጣሁ። ቦታውን በጥፍራቸው አሳዩኝ፤ ከላይኛው ቅርንጫፍ ሥር፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ካለበት። የቀፎው አንዱ ጫፍ ብቻ ብቅ እንዲል አድርጌ ጨመርሁት። እርሳቸውም ቀና ብለው አዩና «ሐረጉንስ?» አሉኝ። ሐረጉንም ሳልሁ።