ከአሸዋው ፏፏቴ በታች ማን ይኑር?

ሰው ወንዝን ሲወድ ወደ ወንዙ መሄድ ብቻ አይበቃውም፤ ቢቻለው ወንዙን ወደ ቤቱ ሊያመጣው ይፈልጋል። አኳሪየም የሚባለው የመስተዋት ገንዳም የተገኘው ከዚሁ ምኞት ነው። በመቀሌ ከተማ ጥቂት ተማሪዎች በክፍላቸው ውስጥ ለሚያቆሙት ገንዳ የአሸዋ ፏፏቴ ሊሠሩለት አስበው፣ ከሥሩ ምን ዓይነት እንስሳ ቢኖር እንደሚሻል ጠየቁን። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ስናስብበት ብዙ ነገር ያዘለ ሆኖ አገኘነው።

የአሸዋ ፏፏቴ በውኃ ውስጥ የሚወርድ ፏፏቴ ነው። የአየር ፓምፕ በቀጭን ቱቦ ውስጥ አረፋ ይሰድዳል፤ አረፋውም ሽቅብ ሲወጣ ውኃና ደቃቅ አሸዋ ይዞ ይወጣል፤ አሸዋውም ከድንጋይ አናት ላይ እንደ ነጭ ጅረት ቍልቍል ይወርዳል፤ ከታችም ተጠራቅሞ እንደ ገና ወደ ቱቦው ይመለሳል። ለተመልካች እጅግ ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ከላይ የሚወርደው ሁሉ የሚያርፈው ከታች በሚኖረው ላይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ተማሪዎቹ አስቀድመው የመረጡት አምባዛን ነበር። አምባዛ በእርግጥ ጠንካራ ነው፤ ከውኃው በላይ ያለውን አየር ለመተንፈስ ስለሚችል መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆም እንኳ ቶሎ አይሞትም። ነገር ግን ሲያድግ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ያነሰውንም ዓሣ ይውጣል። ቆሮሶም ቢሆን ወንዱ በአሸዋ ላይ ጎጆ ስለሚቈፍር ለፏፏቴው አይመችም። ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው ኮሪዶራስ ገራም ዓሣ ነው፤ ሆኖም ሹል አሸዋ ጢሙን ያቈስለዋል፤ የኖራ ድንጋይ የበዛበት የመቀሌ ምድር ውኃም ለዘሩ እንግዳ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ግን ቀንድ አውጣ ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ከጅረት ለቅሞ ሊያመጣ ተነሥቶ ነበር። «ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚባለው ለዚህ ነው። በአገራችን ወንዞችና ግድቦች ከሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች አንዳንዶቹ የቢልሃርዝያን ተውሳክ ይሸከማሉ፤ ተውሳኩም ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃ በነካው ቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ገንዳውን የሚያጸዱት ደግሞ የልጆች እጆች ናቸው።

በዚህ ነገር ከዚያው ከትግራይ የተገኘ ትምህርት አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ከዚህም ትዝብት ታላቅ ምርምር ተወለደ። በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል፣ ቀንድ አውጣውን አስገብቼ በኋላ በእንዶድ አጠፋዋለሁ ማለት አይቻልም፤ የሚሻለው ከመጀመሪያው አለማስገባት ነው።

እንግዲህ ምርጫችን በሳይንስ ስሙ ጋራ በሚባለው ትንሽ ዓሣ ላይ ዐረፈ። በትግራይ ወንዞችና ግድቦች ይገኛል፤ ከአፉ ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ አልጌ እየፋቀ ይበላል። የአገሩን ውኃና የደጋውን ብርድም ለምዶታል። ሲመጣ ግን የጅረቱ ውኃና ሣር አብሮት አይግባ። አሸዋው ከሚወርድበት ርቆ ለስላሳ ድንጋይ ይደርደርለት፤ የቱቦው መግቢያ አሸዋ እንጂ ዓሣ በማያሳልፍ ወንፊት ይከለል። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ውኃዋ የሚይዘው ኦክሲጅን ያን ያህል ሙቀት ካለው የባሕር ዳርቻ ውኃ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ዓሣው ጥቂት፣ ውኃው ብዙ ይሁን። ፏፏቴውም አስቀድሞ ያለ እንስሳ ጥቂት ሳምንታት ይፈተን።

አምባዛ የመረጠው ተማሪ ፊቱ ጠቈር ማለቱ አልቀረም። እኛም የነገርነው ይህንን ነው፤ ውበቱን በመስተዋት ፊት ቆሞ የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ አሸዋ የሚወርድበት ግን አፍ አውጥቶ አይናገርም። ስለዚህ የሚያስተዳድረው ሰው ስለ እርሱ አስቀድሞ ማሰብ ግዴታው ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የማይቻል ከሆነ ፏፏቴው ብቻውን ይውረድ፤ ውበቱ አይጐድልም፤ የሚሞትበትም አይኖርም።