የአሥር ዓመት ሰው ፍለጋ

በሆሳዕና ቤት ለማሠራት የተነሣ ሰው ከገንዘብ ይልቅ የሚቸግረው ሰው ነው። ገንዘቡስ ከሩቅም ቢሆን ይመጣል። የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ እኔም በባንክ መስኮት ተቀምጬ ለመሠረት፣ ለቆርቆሮ፣ ለበርና ለመስኮት ተብሎ የተላከ ብር ስቆጥር እውላለሁ። «ይሄ የቆርቆሮው ነው፤ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል» ብለው የሚያስጠነቅቁኝ እናቶች አሉ። ሒሳብ ውስጥ የገባ ብር ስም እንደሌለው ለማስረዳት ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ ለየብቻ አስሬ እሰጣቸዋለሁ።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ በከተማዋ መምህሩም ነርሱም ቤት ፈላጊ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫው ስትሆን ደግሞ ጓሮ ያለው ሁሉ ጓሮውን በሜትር ይለካ ጀመር። እንሰት በነበረበት ሰርቪስ ቤት በቀለ። ታላቅ ወንድሜም በእናታችን ጓሮ ሦስት ክፍል እንድናሠራ ከደርባን ብር ላከ፤ ሰው የመፈለጉ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ወንድሜ በዚያ አገር በሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ የሚውል፣ ሁለት ጊዜ የተዘረፈ ሰው ነው። የላከው ብር እንደማንኛውም ብር አይደለም።

ለቀን ሠራተኛ ከሆነ ፍለጋው ቀላል ነው፤ በማለዳ ወደ መናኸሪያው ብቅ ብሎ አካፋ የያዘውን መጥራት ይበቃል። ግንበኛ ግን የሚገኘው በሰው አፍ ነው፤ በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በለቅሶ ቤት። ችግሩ ሁሉም የሚያመሰግነው የአጎቱን ልጅ መሆኑ ነው። ዘመድ የሆነ ግንበኛ ደግሞ ውል እንጻፍ ሲባል «አላመንከኝም?» ይላል። ግድግዳው የተሰነጠቀ እንደሆነ እናትህ ከእናቱ ጋር ትጣላለች እንጂ ግድግዳው አይጠገንም። ወረቀትም ብዙ አይረዳም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እንደኛ ያለውን ዝቅተኛ መኖሪያ ቤት በመጀመሪያው ምድብ፣ በ«ሀ» አኑሮት ነበር። እንዲህ ላለው ቤት ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ይወጣል እንጂ ደረጃ ያለው የሥራ ተቋራጭ የሚፈልግ በሰፈራችን አላየሁም።

ስለዚህ ስሙ የተነሣልኝን ግንበኛ ሁሉ ሦስት ክረምት ያለፈበትን ሥራውን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁ። እዚያም ስደርስ ባለቤቱን አላነጋገርሁም፤ ተከራዩን አነጋገርሁ። ባለቤት ገንዘቡን ያፈሰሰበትን ቤት አያማም። ተከራይ ግን በሐምሌ ሌሊት አልጋውን ከየትኛው ጥግ ወደ የትኛው እንደሚጎትት ያውቃል። አንዲት ነርስ ምንም ሳትናገር የፍራሹን ጫፍ አንሥታ ሻጋታውን አሳየችኝ። አንድ መምህር በሩ የሚዘጋው በበጋ ብቻ መሆኑን እየሳቀ ነገረኝ።

ሦስት ሰዎች ጓሯችንን አይተዋል። የመጀመሪያው ከበሩ ላይ እንደቆመ ዋጋ ጠራ። ሁለተኛው የሚቆረጠውን እንሰት ቆጠረ። ሦስተኛው፣ ዕድሜው ሰላሳ የማይሞላ ወጣት፣ እናቴን በሀዲይኛ «ውሃው በየት ይወጣል?» ሲል ጠየቃት። እናቴ ጎርፉ ከላይኛው ጎረቤት ወርዶ በእንሰቱ ረድፎች መካከል እንደሚያልፍ በእጇ እያመለከተች አስረዳችው። እሱም የላይኛው ረድፍ እንዳይነካ፣ ክፍሎቹ አንድ ሜትር ተኩል ዝቅ እንዲሉ አለ። በዚያን ቀን እናቴ ቡና አፍልታ አስጠራችው። ለሌሎቹ ሁለቱ አላፈላችም።

ዋጋ ላይ ስንደርስ ምርጫው ሁለት ነበር፤ ከነዕቃው ወይም በእጅ ዋጋ። ከነዕቃው የተዋዋለ ሰው ሲሚንቶ ለመቀነስ ይፈተናል፤ በእጅ ዋጋ የተዋዋለ ደግሞ ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነጋዴ የብረትና የቆርቆሮ ዋጋ አሳድሮ አይጠብቅምና በእጅ ዋጋ ተስማማን። ብሎኬቱ ውሃ መጠጣት አለመጠጣቱን በየማታው የማየት ሥራ የእናቴ ሆነ።

ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ግጥም ስጽፍ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲናገር ደስ ይለኛል፤ ያን ሌሊት ግን ያንኑ ሳሳድድ አመሸሁ። «ልስን» ሲባል ውስጡ ብቻ ነው ወይስ ውጭውም? «ሲያልቅ» ማለትስ መቼ ነው? ክፍያውን በመሠረት፣ በግድግዳ፣ በቆርቆሮና በልስን ከፋፈልሁት፤ አንድ አሥረኛው አንድ ክረምት እስኪያልፍ በእኔ ዘንድ እንዲቆይ አደረግሁ። ወጣቱ ሁለት ጊዜ አነበበውና በሁለት መስመር ተከራከረኝ። ወደድሁት። በሥራዬ ሳያነቡ የሚፈርሙ ሰዎች አይቼ አይቼ ያስፈሩኛል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጭ ሕንፃውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጽናት ዋስ እንደሚሆን፣ ከመሬቱ ጠባይ ለሚመጣ ጉዳት እንኳ እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። ዘመኑን የሚያሳጥር ውልም ዋጋ የለውም። ይህን በስልክ ሳነብለት ወንድሜ ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«ፓስፖርት አውጥቷል?»

ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። በሠፈሩ ግንብ የሚያውቅ እጅ ያለው ወጣት ሁሉ አጠገቡ እንደደረሰ፣ እዚያም ግንብ ሳይሆን ሱቅ እንደሚጠብቅ ነገረኝ። ቤቱ ከዚያ በመጣ ብር ይሠራል፤ የሠራው ሰው የእጅ ዋጋውን አጠራቅሞ ወደዚያ ይሄዳል። ሕጉ 10 ዓመት ሲል ግንበኛው 10 ዓመት በአገሩ እንደሚቆይ ቆጥሮ ይሆን?

ሥራው በጥቅምት ተጀምሮ ለፋሲካ አለቀ። ለያሆዴ እንዲደርስ ብንል ኖሮ በነሐሴ ዝናብ ይለሰን ነበር፤ በዚያ ወር ከተማው ሁሉ የሚለስነው እንደዚያ ነው። በሐምሌ አጋማሽ ወጣቱ ሳይጠራ በዝናብ መጣ። ሦስቱንም ክፍሎች ዞሮ ግድግዳውን ከታች በመዳፉ ዳበሰ፤ ደረቅ ነበር። የቀረውን ክፍያ ስቆጥርለት አንገቱን ደፍቶ «የወንድምህን ስልክ ትሰጠኛለህ?» አለኝ።

«10 ዓመቱስ?» አልሁት።

ሳቀና በሩ ላይ ከዝናብ የተጠለለውን፣ ሥራው እስኪያልቅ ሲሚንቶ ሲያቦካ የኖረውን ታናሽ ወንድሙን በአገጩ አሳየኝ።