እስትንፋስና ትዝታ

የስልኬ ባትሪ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ መስታወቱን ከማቀፊያው አላቀቀው። ዋስትናው ካለፈ ዓመት ሆኖታል። የፈራሁት ግን ለስልኩ አልነበረም፤ ደባርቅ ቤታችን የቀዳሁት የሟች እናቴ ድምፅ በውስጡ ነበረ።

በሊትየም ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዕድሜና በሙቀት ሲበላሽ ጋዝ ይወልዳል፤ ጋዙም መውጫ ሲያጣ ከረጢቱን ይነፋዋል። እንደ እባጭ አይበጡትም፤ ቢበሱት ሊነድ ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሦስት ሊቃውንትን ለኬሚስትሪ ኖቤል ያበቃ ጥበብም ያረጃል።

የጎንደር ፒያሳው ጠጋኝ ስልኩን ቻርጅ እንዳላደርግ አስጠንቅቆ፣ «ጋሼ፣ አይስጉ፤ ባትሪ የስልክ እስትንፋሱ እንጂ ትዝታው አይደለም» አለኝ። እውነት ነው፤ የተቀዳው ያለ ኤሌክትሪክም በማኅደሩ ይቆያል። ባትሪው ተተካ፤ ድምፁም ተሰማ። ለእናቴ እስትንፋስ ግን መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ፒያሳ ላይ የለም።