ወይብ ሲሞላ፣ ወይብ ሲጎድል

ዓሣ ማጥመድ ሲባል መቼስ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ሐዋሳ ነው። ጀልባ፣ መረብ፣ ጥብስ! ዛሬ የማወጋችሁ ግን ብርድ ስለሚወደው ስለ ኩሩው ትራውት ነው። ቤቱ ባሌ ነው፤ ዲንሾ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ቤቱ አልኩ እንጂ ተወላጅ እንኳ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ግድም ጫጩቶቹ ከኬንያ መጥተው ወንዞቹ ውስጥ ተለቀቁ። ዛሬ ማንም ሳይቀልበው ራሱን እየተካ ይኖራል።

የሚጠመደው ከላባና ከክር በተሠራች የውሸት ዝንብ ነው። እውነት መስላው ሲጎርሳት፣ አለቀ!

ታዲያ አንባቢ ሆይ፣ በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከመጓዝዎ በፊት የሚጠይቁት «ዓሣ አለ ወይ?» ብለው ሳይሆን «ወንዙ እንዴት ሰነበተ?» ብለው ነው።

ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ አጎት አሉኝ። እዚያ በሼናንዶዋ ተራሮች ጅረቶች ውስጥ ትራውት ሲያጠምዱ ዓመታት አስቆጥረዋል። የዛሬ ሁለት ዓመት ፈቃዳቸው የደረሰው በነሐሴ ነበርና ይዣቸው ዲንሾ ስንደርስ ወይብ ማኪያቶ መስሎ ይጋልባል። ያላቸው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ማዶ ያለውን ጥሩ ቦታ አይተው «ከጉልበት አያልፍም» እያሉ ቦት ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ።

መንገድ የሚመራን የዲንሾ ልጅ ከፊታቸው ቆመ። «ጋሼ፣ ያ ጥቁር ድንጋይ ራሱን ሳያወጣ እዚህ ማንም አይሻገርም።»

የቱ ድንጋይ? እኔ ምንም አላየሁም። ለካ ድንጋዩ ውሃው ውስጥ ነው!

አጎቴ ተቆጡ። ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር መጥቼ አሉ፣ ቲኬት አሉ፣ ያላሉት የለም። ልጁ አልተነቃነቀም። እኛ ያለንበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ ተራራው ላይ ዘንቦ ደራሽ ሊመጣ ይችላል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ደግሞ ጉልበት ድረስም ቢሆን ሰው ይጥላል፤ ከሥር ያለው ድንጋይ ሙልጭልጭ ነው፣ ድፍርሱ ደግሞ እግር የሚያርፍበትን አያሳይም። ጥቂት ቆይቶ አንድ ግንድ እየተገለባበጠ በዚያው መሻገሪያ ሲያልፍ አጎቴ ዝም ብለው ጫማቸውን ፈቱ።

ደግሞ እኮ መሻገርም አያስፈልግም ነበር። ወንዝ ሲሞላ ትራውት መሐል ላይ ከውሃ ጋር ሲታገል አይውልም። ወደ ዳር ይጠጋል፣ ከቋጥኝ ጀርባ ይጠለላል፣ ውሃው ቀስ በሚልበት ጥግ ይተኛል። በድፍርስ ውስጥ እንዲታየው ዝንቧ ተለቅና ጠቆር ትበል፤ ወደ ታች እንድትወርድም ከበድ ትበል። አጎቴ የዚያን ቀን ያገኙት አንድ ዓሣ ከቆሙበት ሣር አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

በማግስቱ ወደ ዳንካ ሄድን። ትንሽ ጅረት ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ይጠራል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወይብም ጎደል ብሎ፣ መልኩ ወደ ቀጭን ሻይ ዞሮ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ብቅ አለ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ውሃ የለም። ሙላቱ ትሉንም ነፍሳቱንም አጥቦ አምጥቷል፣ ዓሣው ርቦታል፣ ድፍርሱ ደግሞ ገና ይከልለናል። አጎቴ እስከ ምሳ አራት ያዙ።

በጥር ስመለስ እዚያው ድንጋይ ላይ እረኞች ተቀምጠው አገኘኋቸው። ውሃው መስተዋት ነው። እርስዎ ዓሣውን ካዩት እሱ እርስዎን ቀድሞ አይቶዎታል! አብሮኝ የሄደው ወዳጄ ቀይ ጃኬት ለብሶ ዳር ዳር ሲንጎራደድ ዋለና ባዶ እጁን ገባ። ትራውት ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ነው የሚቆም። ስለዚህ ከታች በኩል፣ ከኋላው፣ ጎንበስ ብለው ይጠጉ፤ ጥላዎ ውሃው ላይ አይረፍ። ክሩ ይቅጠን፣ ዝንቧ ትነስ።

በበጋ ቀትር ላይ ግን ዘንግዎን ቢያሳርፉት ደግ ነው። ውሃው ሲያንስ ቶሎ ይሞቃል፤ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ካለፈ ትራውት ይጨነቃል፣ ይዘው ቢለቁትም ላይተርፍ ይችላል። ፈቃዱን አስቀድመው ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ካፖርት አይርሱ፤ የዲንሾ የበጋ ሌሊት ውርጭ ነው።